ሮዛሊንድ ፍራንክሊን (እ.ኤ.አ. 1920–1958)፦ ሕይወቷና ሕይወቷን የቀጠፈው በሽታ

በዚህ እትም የአንዲት ታላቅ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ስሟ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ይባላል። የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በባዮሎጂ ትምህርታችሁ ዲ.ኤን.ኤ. ስለሚባለው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ መልክንና ጠባይን ስለሚያስተላልፈው ነገር ተምራችኋል። ከዚሁ ጋርም ዋትሰንና ክሪክ የሚሉትን ስሞች በደብተራችሁ ጽፋችሁ ይሆናል። የሮዛሊንድን ስም ግን የጻፋችሁ ጥቂቶች ናችሁ። ይሁንና የእሷ ሥራ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ሁለት ሰዎች ዝናን ባተረፉበት ቀን ባላተረፉ ነበር።

ሮዛሊንድ የሞተችው ገና በ37 ዓመቷ ነው። የገደላት የኦቫሪ ካንሰር ነው። ታሪኳን የመረጥንበት ምክንያትም ሁለት ነው። አንደኛው ትጋቷ ለተማሪ ሁሉ አርአያ ስለሚሆን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለዚህ በሽታ በየቤታችን የማይነገር ብዙ ነገር ስላለ ነው። የሴት ነገር ነው እየተባለ ይደበቃል፤ ተደብቆም እናቶችንና እኅቶችን ይወስዳል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ወንዶች ልጆችም፣ አባቶችም እንድታነቡት በአክብሮት እንጠይቃለን። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ ትረዱታላችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እንገልጻለን።

ልጅነቷና ትምህርቷ

ሮዛሊንድ ሐምሌ 25 ቀን 1920 በለንደን ከተማ ተወለደች። ከአምስት ልጆች ሁለተኛዋ ነበረች። ቤተሰቧ አይሁዳዊና ሀብታም ሲሆን አባቷ የባንክ ባለሙያ ነበር። ይሁን እንጂ አባቷ ሀብት ብቻውን የሚበቃው ሰው አልነበረም። ቀን ሥራውን ሠርቶ ማታ ማታ ለሠራተኞች በተቋቋመ ኮሌጅ ያስተምር ነበር።

ሮዛሊንድ የተማረችበት የሴቶች ትምህርት ቤት በዚያን ዘመን ለሴቶች ልጆች ፊዚክስና ኬሚስትሪ ከሚያስተምሩት ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። በትምህርቷ ጎበዝ ስለነበረች በ1938 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በዓመት 30 ፓውንድ የሚከፈል የትምህርት ሽልማት አገኘች። በዚያው ወቅት የናዚ መንግሥት በጀርመንና በኦስትሪያ አይሁዳውያንን እያሳደደ ስለነበር ብዙ ስደተኞች ወደ እንግሊዝ ይገቡ ነበር። አባቷም ያ ገንዘብ ለሚገባው ስደተኛ ተማሪ እንዲሰጥ ጠየቃት። ቤተሰቧ በዚህ ብቻ አልተወሰነም፤ ከወላጆቻቸው ተለይተው የመጡ ሁለት ስደተኛ ልጆችን ቤቱ ተቀብሎ አኑሯል። እነሆ ተማሪዎች፣ ይህች ሴት ከስደተኞች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የኖረ ቤተሰብ ልጅ ነበረች።

ሮዛሊንድ ራሷም በስደተኛ ተረድታለች። በካምብሪጅ ሳለች አድሪየን ቬይ ከምትባል፣ ከጦርነቱ ሸሽታ ከፈረንሣይ ከመጣች የፊዚክስ ሊቅ ጋር ተዋወቀች። ይህች ሴት ሮዛሊንድን በማደሪያዋ አስጠግታታለች፣ ፈረንሣይኛዋን አሻሽላላታለች፣ በኋላም በፓሪስ ሥራ እንድታገኝ መንገድ ከፍታላታለች። ስደተኛ የሚረዳ ብቻ ሳይሆን የሚረዳም፣ የሚያስተምርም ሰው መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሮዛሊንድ በ1941 የካምብሪጅ ትምህርቷን ጨረሰች። በዚያን ጊዜ ግን ካምብሪጅ ለሴቶች የሙሉ ዲግሪ መብት አይሰጥም ነበር፤ ይህ የተለወጠው ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ነው። እሷ ግን አልቆመችም። በጦርነቱ ዘመን ስለ ድንጋይ ከሰል ተመራምራ በ1945 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘች። ቀን ስትመራመር ውላ ማታ የአውሮፕላን ድብደባ ሲመጣ ሰዎች ወደ መጠለያ እንዲገቡ የሚያደርጉት ጓዶች አባል ሆና አገልግላለች።

የሳይንስ ሥራዋ

በ1947 ወደ ፓሪስ ሄደች። እዚያ በኤክስሬይ አማካይነት በዓይን የማይታዩ ነገሮችን ቅርጽ ማወቅን ተማረች። ዘዴውን በቀላሉ ለማስረዳት ያህል፣ በቀዳዳ ወንፊት ውስጥ የሚያልፍ የፀሐይ ብርሃን በመሬት ላይ ነጠብጣብ ምልክት ይተዋል። ምልክቱን አይተን ወንፊቱ ምን ዓይነት ቀዳዳ እንዳለው መገመት እንችላለን። ኤክስሬይም በአንድ ንጥረ ነገር ውስጥ ሲያልፍ በፊልም ላይ ምልክት ይተዋል። ምልክቱን በሂሳብ ፈትቶ የንጥረ ነገሩን ቅርጽ ማወቅ ግን ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሮዛሊንድ ትዕግሥቱ ነበራት።

በ1951 ወደ ለንደን ተመልሳ በኪንግስ ኮሌጅ ስለ ዲ.ኤን.ኤ. መመራመር ጀመረች። ዲ.ኤን.ኤ. እንደ እርጥበቱ መጠን ሁለት ዓይነት መልክ እንዳለው የለየችው እሷ ናት። በግንቦት 1952 ከተማሪዋ ከሬይመንድ ጎስሊንግ ጋር ከ60 ሰዓት በላይ የፈጀ አንድ ፎቶግራፍ ተነሣ። ይህ ፎቶግራፍ ቁጥር 51 በመባል ይታወቃል። በመካከሉ የመስቀል ቅርጽ ያለው ምልክት ይታያል። ይህ ምልክት ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተጠማዘዘ መሆኑን የሚያመለክት ነው።

በጥር 1953 የሥራ ባልደረባዋ ሞሪስ ዊልኪንስ ፎቶግራፉን እሷ ሳታውቅ ለጄምስ ዋትሰን አሳየው። ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክም ይህንና ሌሎች የመለኪያ ቁጥሮቿን ተጠቅመው የዲ.ኤን.ኤ.ን ሞዴል ሠሩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1953 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የሁለቱ ጽሑፍ መጀመሪያ፣ የእሷ ደግሞ ከኋላ ወጣ። አንባቢው የእሷ ሥራ የነሱን የሚደግፍ እንጂ ለነሱ መነሻ የሆነ አልመሰለውም።

ሮዛሊንድ ግን በዚህ ነገር ስትብሰለሰል ጊዜ አላጠፋችም። በዚያው ዓመት በርክቤክ ወደተባለ ሌላ የለንደን ኮሌጅ ተዛወረች። እዚያም የትምባሆ ቅጠልን የሚያጠቃውን ቫይረስ አሠራር ማጥናት ጀመረች። ከእሷ ጋር የሠራው አሮን ክሉግ በኋላ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በሽታው ሲጀምር

በ1956 ክረምት ሮዛሊንድ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄዳ ነበር። ዕድሜዋ ወደ 36 እየተጠጋ ነበር፤ ጤነኛና ተራራ መውጣት የምትወድ ሰው ነበረች። በጉዞው ላይ ሳለች ሆዷን ያማት ጀመር። ቀሚሷም ወገቧ ላይ አልዘጋ አላት። ሆዷ አብጦ ነበር። ወደ ለንደን እንደተመለሰች ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ መስከረም 4 ቀን 1956 ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት በሆዷ ውስጥ ሁለት ዕጢዎች ተገኙ። የኦቫሪ ካንሰር ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ያህል ኖረች። ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ በጨረርና በመድኃኒትም ታክማለች። ሲሻላት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ሲብስባት ወደ ሆስፒታል ትገባለች። የምትመራው የምርምር ቡድን በ1956 ሰባት፣ በ1957 ደግሞ ስድስት የምርምር ጽሑፎችን አሳትሟል። ልጆችን ሽባ የሚያደርገውን የፖሊዮ ቫይረስ ማጥናት የጀመረችውም ታማ ሳለች ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 1958 አረፈች። በማግስቱ በብራስልስ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ እሷ ያሠራችው የቫይረስ ሞዴል ለሕዝብ ታየ።

በ1962 ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ ስለ ዲ.ኤን.ኤ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የኖቤል ሽልማት ለሞተ ሰው አይሰጥምና ሮዛሊንድ ከቁጥር አልገባችም።

ኦቫሪ ምንድን ነው? በሽታውስ?

እዚህ ላይ ታሪኩን ቆም አድርገን ወደ በሽታው እንመለስ። ይህን የሚጽፍላችሁ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ያልጨረሰ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለሆነም ከዚህ በታች ያለው ለማወቅ እንጂ ሐኪምን ለመተካት እንዳልሆነ ተረዱልን።

ኦቫሪ የሚባሉት ከማሕፀን ግራና ቀኝ የሚገኙ፣ እንቁላል የሚያመነጩ ሁለት ትንንሽ የሰውነት ክፍሎች ናቸው። የሴት ልጅን ዕድገት የሚመሩ ሆርሞኖችንም ያመነጫሉ። የኦቫሪ ካንሰር ከማሕፀን በር ካንሰር የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። የማሕፀን በር ካንሰር ዋና ምክንያቱ ቫይረስ ስለሆነ ክትባት አለው። ኢትዮጵያ ይህን ክትባት ለልጃገረዶች በ2018፣ ኬንያ ደግሞ በ2019 መስጠት ጀምረዋል። ለኦቫሪ ካንሰር ግን ክትባት የለም። ለማሕፀን በር የሚደረገው ምርመራም የኦቫሪን ካንሰር አያሳይም። ስለዚህ ተከትቤአለሁ ወይም ተመርምሬአለሁ የምትል እናት ስለዚህኛውም በሽታ ማወቅ አለባት።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ300,000 በላይ ሴቶች በኦቫሪ ካንሰር ይያዛሉ፤ ከ200,000 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። በአዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ በሚካሄደው የካንሰር ምዝገባም ከጡትና ከማሕፀን በር ካንሰር ቀጥሎ በሴቶች ላይ በብዛት ከሚመዘገቡት አንዱ ነው። የባዕድ አገር በሽታ አይደለም ማለት ነው።

ዓይነቱ ብዙ፣ መንሥኤውም የተለያየ

የኦቫሪ ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ለአንዱ የሚያጋልጠው ነገር ለሌላው ላያጋልጥ ይችላል። በሦስት ከፍለን እንያቸው።

አንደኛ፤ ከኦቫሪ ሽፋንና በአቅራቢያው ካሉ ክፍሎች የሚነሣው። ከመቶው 90 ያህሉ ይህ ነው። በብዛት የሚታየው ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ነው። እሱም በውስጡ ይከፋፈላል፦

ሀ) ሴረስ የሚባለው ዓይነት ከሁሉ የበዛውና ከሁሉ የከፋው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእንቁላል ማስተላለፊያው ቱቦ ጫፍ ላይ እንደሆነ ዛሬ ይታወቃል። ከዘር ጋር በጣም የተያያዘው ይህ ዓይነት ነው። ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉ ሁለት ጂኖች አሉ፤ የመጀመሪያው በ1994፣ ሁለተኛው በ1995 ተለይተው ታወቁ። ሥራቸው የተበላሸ ዲ.ኤን.ኤ.ን መጠገን ነው። ጂኑ ጉድለት ካለበት ጥገናው ይጓደላል። ከ100 ሴቶች በዕድሜ ዘመናቸው በኦቫሪ ካንሰር የሚያዙት አንዲት ወይም ከዚያ ትንሽ የበለጡ ናቸው። የብራካ 1 ጉድለት ካለባቸው 100 ሴቶች ግን እስከ 80 ዓመታቸው 44 ያህሉ፣ የብራካ 2 ጉድለት ካለባቸው ደግሞ 17 ያህሉ እንደሚያዙ በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል።

ለ) ኢንዶሜትሪዮይድና ክሊር ሴል የሚባሉት ዓይነቶች የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ከሚበቅልበት ኢንዶሜትሪዮሲስ ከሚባለው ሕመም ጋር ይያያዛሉ። ይህ ሕመም ያለባት ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ሕመም ይሰማታል። ሕመሙ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ካንሰር አይዛቸውም፤ ሆኖም በየወሩ ከትምህርት የሚያስቀር ሕመም ያላት ልጅ ሐኪም ሊያያት ይገባል። ሊንች የሚባለው፣ በቤተሰብ ውስጥ የትልቁ አንጀትና የማሕፀን ካንሰር የሚያበዛው የዘር ጉድለትም ለነዚህ ዓይነቶች ያጋልጣል።

ሐ) ሚዩሲነስ የሚባለው ዓይነት ከሲጋራ ማጨስ ጋር ይያያዛል።

ከነዚህ ሌላ ለዚህኛው ክፍል በአጠቃላይ የሚያጋልጡ ነገሮች አሉ። ዕድሜ መግፋት፣ የወር አበባ በልጅነት መጀመርና ዘግይቶ ማረጥ፣ ልጅ አለመውለድ፣ ከማረጥ በኋላ ሆርሞን ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ እንዲሁም የአስቤስቶስ ብናኝ ይጠቀሳሉ። በአንጻሩ መውለድ፣ ጡት ማጥባትና የማሕፀን ቱቦ ማስቋጠር አደጋውን ይቀንሳሉ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ለአምስት ዓመት የወሰደች ሴትም አደጋዋ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። እንክብሉ የራሱ ጉዳት ስላለው ግን ያለ ጤና ባለሙያ ምክር አይወሰድም።

ሁለተኛ፤ እንቁላል ከሚሆኑት ሕዋሳት የሚነሣው። ይህ ጥቂት ነው፤ የሚይዘው ግን ልጃገረዶችንና ወጣት ሴቶችን ነው። ሲጋራም፣ መውለድም፣ አለመውለድም ከዚህ ጋር ግንኙነት የላቸውም። ከፍጥረት ጀምሮ ኦቫሪያቸው በትክክል ሳይሠራ የተወለዱ ጥቂት ልጆች ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ በቀሩት ልጆች ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ምክንያት የለውም። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኞቹ ይድናሉ። ከዳኑ በኋላ የሚወልዱም ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፤ ሆርሞን ከሚያመነጩት ሕዋሳት የሚነሣው። ይህም ጥቂት ነው። ሆርሞን ስለሚያመነጭ ያረጠች ሴት እንደገና ደም እንዲፈስሳት፣ ሕፃን ልጅ ያለ ጊዜዋ ጡት እንድታበቅል፣ አንዳንዴም ሴት ልጅ ጢም እንድታበቅልና ድምፅዋ እንዲጎረንን ያደርጋል። አልፎ አልፎ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው።

ሮዛሊንድን ምን አጋለጣት?

እንግዲህ ወደ ሮዛሊንድ እንመለስ። ሰዎች ብዙ ምክንያት ሲሰጡ ይሰማል። አንዳንዶች ኤክስሬይ ነው ይላሉ። እርግጥ ነው በሥራዋ ለጨረር ተጋልጣለች፤ በዚያን ዘመን ጥንቃቄው እንደ ዛሬ አልነበረም። ጨረር ካንሰር እንደሚያመጣም የታወቀ ነው። ለኦቫሪ ካንሰር ያለው ማስረጃ ግን ውስን ነው። ሌሎች ደግሞ ስላልወለደች ነው ይላሉ። አለመውለድ አደጋውን በመጠኑ ከፍ ያደርጋል እንጂ ያልወለዱ ሴቶች አብዛኞቹ ይህ በሽታ አይዛቸውም።

ሦስተኛው ዘር ነው። ሮዛሊንድ ከአውሮፓ አይሁዳውያን ወገን ነበረች። በዚህ ሕዝብ መካከል ከ40 ሰዎች አንዱ የብራካ ጂን ጉድለት አለበት፤ ይህም ከሌላው ሕዝብ እጅግ የበለጠ ነው። በ36 ዓመት መያዝም የዘር ነገር ሊኖርበት እንደሚችል ያሳስባል። ይሁንና በእሷ ዘመን ምርመራው ስላልነበረ ይህ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፦ ጂን የተጻፈበትን የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ለማወቅ የደከመችው እሷ ናት። በዚያ ዕውቀት ላይ ተመሥርተው ሌሎች ሳይንቲስቶች ከሞተች 36 ዓመት በኋላ የብራካን ጂን አገኙ። ዛሬ በዚያ ምርመራ አስቀድመው አውቀው የሚድኑ ሴቶች አሉ።

አጋላጭ ነገር ማለት ጥፋት ማለት አይደለም

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ነጥብ በተለይ ለእናንተ እንጽፋለን። አጋላጭ ነገር ማለት በሽታው የመምጣት ዕድሉን ከፍ የሚያደርግ ነገር ማለት ነው እንጂ ፍርድ ማለት አይደለም። ሁሉም ያለባት ሴት ሳትታመም ትኖራለች፤ አንዱም የሌለባት ትታመማለች። ስለሆነም መካን ናትና ይገባታል፣ ተረግማ ነው፣ ዓይን በልቷት ነው እያሉ የታመመችን ሴት ማቁሰል ትልቅ በደል ነው። በሽታው ተላላፊም አይደለም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልብስ መዋዋስ አያስተላልፈውም።

ሌላም አለ። ያላገባች ልጅ ሆዷ ሲገፋ ሰፈሩ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ አረገዘች ይባላል። ልጅቱ ትገረፋለች፣ ከትምህርት ትቀራለች፣ ወይም ተደብቃ ትቀመጣለች። ከላይ በሁለተኛ ደረጃ የጠቀስነው ዓይነት ካንሰር ግን የሚይዘው በዚሁ ዕድሜ ያሉትን ልጆች ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ዓይነት በእርግዝና ጊዜ የሚገኘውን ሆርሞን ስለሚያመነጭ በሽንት የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ እንኳ አርግዛለች ሊል ይችላል። እውነቱን የሚለየው አልትራሳውንድ ነው። እባካችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ልጃችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። አርግዛም ቢሆን ሐኪም ያስፈልጋታል፤ ታማም ከሆነ የምትድንበት ጊዜ እሱ ነው።

ምልክቶቹ

ጤነኛ ሴቶችን ሁሉ መርምሮ ይህን ካንሰር አስቀድሞ የሚለይ አስተማማኝ ምርመራ እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል። እነዚህም የማይለቅ የሆድ መነፋት ወይም ማበጥ፣ የሆድ ወይም የእምብርት በታች ሕመም፣ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት ናቸው። ካረጡ በኋላ ደም ማየትም ምልክት ነው። ፊቷና ክንዷ እየከሳ ሆዷና ወገቧ እየሰፋ ቀሚሷ አልዘጋ ያላት እናት ወፈርኩ ብላ ደስ አይበላት።

በዚህ አካባቢ ሆድ የሚያሳብጥ ነገር ብዙ ነው። የአንጀት ትላትል፣ ጃርድያ፣ አሜባ፣ የጉበት ሕመም አሉ። የሆድ ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ የኦቫሪ ካንሰርን በጣም ስለሚመስል ሐኪሞችን እንኳ ያሳስታል፤ እሱ ግን በመድኃኒት ይድናል። ስለሆነም ሆዷ ያበጠ ሁሉ ካንሰር አለባት ብላችሁ አትሸበሩ። ነገር ግን ምልክቱ አዲስ ከሆነ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከተመላለሰና ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ከዚያ አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ወንድ ሐኪም የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ሴት ነርስ እንድትገኝ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከሞያሌ እስከ ናይሮቢም ሆነ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትልልቆቹ የካንሰር ሕክምና ቦታዎች ያሉት እዚያ ነው። መንገዱ ረጅም በመሆኑ ቀድሞ መነሣት ከሌላው ሰው ይበልጥ ለእኛ ያስፈልገናል።

የቤተሰብ የሕመም ታሪክ

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንንገራችሁ። የጂን ምርመራ ውድ ነው፤ በዚህ ካምፕም የለም። ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ መሣሪያ ግን በእጃችን አለ። እሱም ከቤተሰባችን ማን በምን ታሞ እንደሞተ ማወቅ ነው። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

እኛ ግን ስደተኞች ነን። አያት በአንድ አገር፣ አክስት በሌላ አገር ቀርተዋል። የሕክምና ካርድ በቤት ቃጠሎ ወይም በሽሽት ጠፍቷል። የሚያውቁት አረጋውያን ሲያልፉ ዕውቀቱም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ዛሬውኑ ጻፉት። ስሙን፣ ዝምድናውን፣ የታመመበትን የሰውነት ክፍል፣ ሲታመም የነበረውን ዕድሜ። ስሙ የማይታወቅ በሽታ ከሆነ እንደተነገራችሁ ጻፉ፤ ሆዷ አብጦ ሞተች፣ ጡቷ ቆስሎ ሞተች ማለት ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል። ዕድሜው ካልታወቀ ስንት ልጆች ወልዳ ነበር፣ ከየትኛው ድርቅ በፊት ነበር እያላችሁ ገምቱ።

አባቶችና ወንዶች ልጆች ይህን ጽሑፍ አንብቡ ያልናችሁም ለዚሁ ነው። የብራካ ጉድለት ከእናት ብቻ ሳይሆን ከአባትም ይወረሳል። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አባት ራሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያወርሳት ይችላል። እንግዲህ የአባት እናት፣ የአባት እኅትም በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለባቸው። በአንድ ወገን ሁለትና ከዚያ በላይ ሴቶች በጡት ወይም በኦቫሪ ካንሰር ታመው ከሆነ፣ ወይም አንዷ ገና ሃምሳ ሳይሞላት ከታመመች፣ ይህን ለጤና ባለሙያ ንገሩ። አብዛኞቹ የኦቫሪ ካንሰሮች በዘር የመጡ አይደሉም፤ በዘር የሚመጡት ግን አስቀድሞ ጥንቃቄ ሊደረግባቸው ይቻላል።

አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ስለ አንድ ሰው ብቻ አይመስለንም። በሽታውን የደበቀ ቤተሰብም ለልጆቹ መድኃኒት ያሳጣቸዋል።

የቤት ሥራ

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች፦ ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል የእናታችሁን ወገን፣ በቀኝ በኩል የአባታችሁን ወገን እስከ አያቶቻችሁ ድረስ ጻፉ። ከላይ እንደተገለጸው የምታውቁትን ሕመም በየስሙ ትይዩ አስፍሩ። የማታውቁትን ከወላጆቻችሁ፣ ከአያቶቻችሁ ወይም ከጎረቤት አረጋውያን በትሕትና ጠይቁ። ገጹን ለአስተማሪ አታሳዩ፤ የቤተሰባችሁ ምስጢር ነው። ከራሽን ካርዳችሁ ጋር በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ሌላ አገር የምትሄዱ ከሆነም ይዛችሁት ሂዱ።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።